የሟች ስኳር

ረሻድ በተቀበረ በሳምንቱ ስኳሩ ከፍ አለ።

ይሄን ስል አብዳለች እንዳትሉኝ። አልማዜ እባላለሁ፤ ከኮልፌ 18 ማዞሪያ ገባ ብሎ ባለ ግቢ ውስጥ፣ ከረሻድና ከሚስቱ ከአልፊያ ጋር አንድ የጭቃ ግድግዳ ተካፍዬ ያረጀሁ ሴት ነኝ። ያ ግድግዳ ሳል ያሳልፋል፣ ጠብ ያሳልፋል፣ እርቅም ያሳልፋል፤ እርቁን ተዉት። የረሻድን ስልክ ድምፅ ከራሴ ስልክ ለይቼ ነው የማውቀው። ሰውዬው ስኳር ነበረበት። ዱባይ ያለችው ልጁ ሰልዋ ክንድ ላይ የሚለጠፍ መለኪያ ላከችለት። ሳንቲም የምታክል ነጭ ቁልፍ ናት፤ ከሥሯ እንደ ፀጉር የቀጠነች መርፌ አለቻት፤ መርፌዋ ሥጋ ውስጥ ገብታ ትቀመጥና ስኳሩን ለስልኩ ትነግራለች። ሰልዋም እዚያ ዱባይ ቁጭ ብላ የአባቷን ቁጥር በገዛ ስልኳ ታያለች። ስኳሩ ከፍ ሲል የረሻድ ስልክ ጢጥ ጢጥ ጢጥ ይላል። ያኔ ግቢው በሙሉ "ረሻድ ሻይ ጠጣ!" እያለ ይስቅበት ነበር።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ በሬ ላይ ቁጭ ብዬ ምስር እለቅማለሁ። ለቀስተኛው ሄዷል፤ ድንኳኑ ፈርሷል። ጢጥ ጢጥ ጢጥ። እጄ ምስሩ ውስጥ ቀረ። ስልኩ ሳይጠፋ ቀርቶ ይሆናል ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ግን እኮ ስልኩ ከራሱ ተነስቶ አይጮህም፤ የሚጮኸው የሰው ደም ሲነግረው ነው። የሰውዬው ክንድ ደግሞ አፈር ውስጥ ነው። በጠራራ ፀሐይ ጀርባዬን በረደኝ።

ገባሁ። አልፊያ ፍራሹ ላይ ተቀምጣ የረሻድን ስልክ ጭኗ ላይ አድርጋ ታየዋለች። የግራ እጅጌዋ ወደ ላይ ተሰብስቧል። ያቺ ነጭ ቁልፍ ክንዷ ላይ ናት።

"ምንድነው እሱ?" አልኳት።

"ረሻድ ነው" አለችኝ።

ስለ አልፊያ ካልነገርኳችሁ ይሄ አይገባችሁም። ከስልጤ በሙሽርነት የመጣች ጊዜ አማርኛዋ "ስንት ነው" እና "ቀንስ" ብቻ ነበር። በሁለቱ ቃላት ነግዳ ከበረች ማለት ይቻላል። ከመርካቶ የሳፋና የባልዲ ቁልል ተሸክማ ስትመጣ ከሩቅ የሚታየው ፕላስቲኩ ብቻ ነው፤ ከሥሩ አንዲት ቀጭን ሴት እየሮጠች እንዳለች የሚያውቀው የሚያውቃት ነው። ሱቅ ከፈተች። ሁለት ልጅ ቀበረች፤ ሰልዋ ብቻ ተረፈችላት። ረሻድ ስኳር ሲይዘው፣ ሰውዬው መርፌ ሲያይ ራሱን የሚስት ዓይነት ነበርና፣ ቲማቲም እየወጋች መርፌ መውጋት ተማረች። ኢንሱሊኑን የምትወጋው እሷ፣ ያቺን ቁልፍ የምትለጥፍለት እሷ፣ ሐኪም ቤት ጎትታ የምትወስደው እሷ። ለራሷ ግን አንድም ቀን ሄዳ አታውቅም። "እኔ ምን ሆኜ? እኔ እኮ እንደ ጀሪካን ነኝ፤ ብወድቅም አልሰበርም" ትላለች። ምላስማ ከሰጣት ቆየ።

ረሻድ በተኛበት ነው የሞተው። ጠዋት ለሶላት ልትቀሰቅሰው ስትነካው ቀዝቅዟል። የዚያኑ ቀን ተቀበረ። ያኔ ቤተዘመዱ ተሰብስቦ አንድ ነገር ወሰነ፤ ለሰልዋ አይነገራት። እኛ አገር መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ሰው ሄዶ፣ አስቀምጦ፣ ደግፎ ነው የሚነግረው። ዱባይ ድረስ ማን ይሄዳል? ደግሞ ልጅቷ እርጉዝ ናት፤ የመጀመሪያው ፅንስ በሰባተኛ ወሩ ሆዷ ውስጥ ሞቶባታል፤ ይሄኛው ስምንተኛውን ይዟል። ደንግጣ ብትጥለውስ? ስለዚህ እስክትወልድ ረሻድ በሕይወት አለ ተባለ። አልፊያ አንድ ልጇንና አንድ የልጅ ልጇን የምታድንበት ነገር ይሄ ብቻ ነበር፤ እንባዋን ዋጥ አድርጋ "እሺ" አለች።

ሲነገር ቀላል ነው። በሦስተኛው ቀን ሰልዋ ደወለች። "እማ፣ የአባባ ቁጥር ጠፋብኝ እኮ።" ሬሳውን ያጠቡት ሰዎች ቁልፏን ከክንዱ ላይ ነቅለው ጥለዋታል። አልፊያ ደግሞ ቶሎ ብላ፣ "ተላቀቀችበት" አለች። "ሌላዋን ለጥፊለት እንጂ፤ ሁለት ነው የላክሁት" አለች ሰልዋ። ምን ትበል? ስልኩን ዘጋች፣ ሌላዋን ከካርቶኑ አወጣች፣ እጅጌዋን ሰበሰበች፣ በራሷ ክንድ ላይ ቀጭ አደረገቻት።

"እና ያንቺን ስኳር ነው የምታየው?" አልኳት።

"የረሻድ ስልክ ነው፤ የረሻድ ስም ነው ያለበት። ለሷ ረሻድ ነው።"

"አንቺ ሴትዮ፣ ሙት ይዘሽ ነው እንዴ የምትዞሪው? ጤና የለሽም?"

"አልዞርም" አለችኝ፣ "ዒዳ ላይ ነኝ።"

ባሏ የሞተባት እስላም ሴት አራት ወር ከአሥር ቀን ከቤት አትወጣም፤ ይሄን ኮልፌ ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። እውነቷን ነው፤ አትዞርም። ግን ያ ቤት ከዚያ ቀን ጀምሮ የአንድ ሰው ቤት መሆኑ ቀረ።

መጀመሪያ ነገሩ ብልሃት ነበር። ሰልዋ "አባባን አቅርቢልኝ" ስትል "መስጊድ ነው" ትላለች፤ "ተኝቷል" ትላለች፤ "ጉሮሮውን ይዞት ድምፁ ጠፍቷል" ትላለች። አንዳንዴ ከስልኩ ውስጥ ረሻድ ድሮ የላከውን የድምፅ መልእክት ፈልጋ መልሳ ትልከዋለች። እኔ በግድግዳው በኩል እሰማለሁ። "አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ ልጄ፣ እናትሽ ናት እንጂ የምትነዘንዘኝ" ይላል። ከዚያ ሳቁ። የሞተ ሰው ሳቅ በግድግዳ ውስጥ ሲመጣ ሰምታችሁ ታውቁ እንደሆን እንጃ። እኔ መድኃኔዓለምን እየጠራሁ ሬዲዮ እከፍት ነበር።

ቆይቶ ግን ብልሃትነቱ ቀረ። ቁጥሩ ከቀን ወደ ቀን እየጨመረ ሄደ፤ ስልኩ ጠዋትም ይጮሃል፣ ምሳ ሰዓትም ይጮሃል። አንድ ቀን ሻይ ይዤላት ስገባ አልቀበልም አለች።

"ዛሬ ከፍ ብሎበታል" አለችኝ።

"ማን ላይ?"

"ረሻድ ላይ ነዋ።"

የምትቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። ክንዷን እንደ ሕፃን ታቅፋዋለች። በግራ ጎኗ መተኛት ትታለች፤ ለምን ስላት "እጫነዋለሁ" አለችኝ። እሱ የሚወደውን ሽንብራ ቆሎ አስመጣችና እየበላች ቁጥሩን ታያለች፤ ከፍ ሲል "አየሽው፣ ይወዳል እኮ" ትለኛለች። ውሃ ደግሞ! አንድ ጆግ አስቀምጬላት ዞር ስል ባዶ ነው። "እሱ ነው የሚጠማው፤ ስኳሩ ከፍ ሲል እንዲህ ነበር የሚያደርገው" ትላለች። ፊቷ ሟሟ፤ ቀሚሷ ከትከሻዋ እየወረደ አስቸገራት። እኔ ሐዘን ነው አልኩ፤ ሐዘንተኛ ይከሳል።

"ያንቺ ቢሆንስ?" አልኳት አንዴ። "አንቺ ታመሽ እንደሆነስ?"

"እኔ ስኳር የለብኝም" አለች ቆጣ ብላ። "የሱን ቁጥር እኔ አውቀዋለሁ። ስንት ዓመት ያየሁት ቁጥር ነው። ወላሂ መጥቶ ነው፤ ሌላ ማን ሊሆን ይችላል?"

በሷ ቤት ውስጥ ስትናገረው እንዴት ያለ ማስተባበያ ይገኛል? ስልኩ ላይ ስሙ ተጽፏል፤ ከሥሩ ቁጥሩ በየደቂቃው ይለዋወጣል። እኔም ሳላስበው ከተከፈተው በር ወደ ጓዳው ረሻድን በዓይኔ ስፈልግ ተገኘሁ። ከዚያ ወዲህ ስገባ "እንዴት ዋልሽ" ማለት ትቼ "እንዴት ዋላችሁ" አልኩ፤ ምላሴ ነው ያለው፤ እሷም "አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ውለናል" አለችኝ።

ሰልዋ በየቀኑ ትደውላለች። ድምፅዋን ስፒከር ላይ እሰማዋለሁ። "እማ፣ አባባ ከፍ ብሎበታል፤ ሐኪም ቤት ሂዱ። አንቺም አብረሽው ተለኪ፣ እሺ? ውሃ ጠጪ፣ ማለቴ ይጠጣ።" አልፊያ "ኢንሻአላህ፣ ኢንሻአላህ" ብላ ትዘጋለች።

ከዚያ ያ ቀን መጣ። ረፋድ ላይ ነው። አልፊያ ከጓዳ ስትወጣ የበሩ ምስማር እጅጌዋን ያዛት፤ በኃይል ስትጎትት ቁልፏ ከክንዷ ተመንጭቃ መሬት ላይ ወደቀች። አንስቼ ገለበጥኳት። ከሥሯ ምንም የለም። መርፌዋ የለችም።

"አልፊያ፣ መርፌው ክንድሽ ውስጥ ተሰብሮ ቀርቷል!"

ቦታው ላይ ጠብታ ደም አለ። በጣቷ ጫን አለችው። ጠንከር ያለች ነገር ከቆዳው ሥር አለች፤ እኔንም አስነካችኝ፤ እንደ ዓሣ እሾህ ትወጋለች። ወረንጦ ላምጣ ብዬ ስነሳ እጄን ያዘችኝ። ፈገግ ብላለች።

"ገባ" አለች።

"ምኑ ነው የገባው? እናቴ ስትነግረን ያደግነው፣ ሥጋ ውስጥ የተሰበረ መርፌ ይሄዳል፤ ሄዶ ሄዶ ልብ ነው የሚያርፈው፤ የዚያን ቀን ሰውዬው ድፍት ይላል!"

"ይሂድ" አለችኝ። "ሌላ የት ሊሄድ ኖሯል?"

ክው አልኩ። አንዲት ሴት በቀን ብርሃን፣ የራሷ ቤት ቆማ፣ ሞትን እንደ እንግዳ ግባ ስትለው ማየት እንዴት እንደሚያስጠላ! ጮኽኩባት፤ ተሳደብኩ፤ እሷ ግን እጅጌዋን መልሳ ቁጭ አለች። "ዒዳ ላይ ነኝ፤ ሐኪም ቤት አልሄድም።" ለሕክምና መውጣት እንደሚፈቀድ እኔ ክርስቲያኗ እንኳ አውቃለሁ፤ እሷ ልታጣው አትችልም። ዒዳውን የያዘችው ለሰበብ ነው።

ስልኩ ዝም አለ። ስንት ቀን ዝም በል እያልኩ የረገምኩት ስልክ ዝም ሲል ደግሞ ዝምታው ባሰብኝ። ክንዷ ቀላ፣ አበጠ፣ ጋለ። እሷ በየጠዋቱ በጣቷ ታሳየኛለች። "ትናንት እዚህ ነበር፤ ዛሬ እዚህ ደርሷል።" ቅላቱ በእርግጥም ወደ ላይ እየወጣ ነው፤ ወደ ብብቷ። ትንፋሿ እንደበሰበሰ ፍራፍሬ ይሸታል። ስታወራኝ አንዳንዴ ፊቷን ወደ ክንዷ አዙራ "አይደለም እንዴ?" ትለዋለች፤ መልስ እንደሰማች ሁሉ ራሷን ትነቀንቃለች።

ቁልፏ በወደቀች በሦስተኛው ቀን የኔ ስልክ ጮኸ። የውጭ ቁጥር ነው።

"እትዬ አልማዜ፣ ሰልዋ ነኝ። ቁጥሩ ሲቆም አራት መቶ አልፎ ነበር። እባክዎ ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ይውሰዱልኝ።"

"እሺ የኔ ልጅ፣ አባትሽን..." ብዬ ጀመርኩ።

"እማን" አለችኝ። "እማን ይውሰዱልኝ።" ስልኩ ተዘጋ።

ፀጉሬ ቆመ። ግን ቆሜ የማስብበት ጊዜ አልነበረኝም። ገባሁና አልፊያ ፊት ቆምኩ። "ስሚ፤ ልጅሽ ደውላ ነበር። አሁን ሐኪም ቤት ካልሄድሽ ነገ አውሮፕላን ላይ እወጣለሁ ብላለች። በዚያ ሆዷ!" ዋሸሁ፤ መድኃኔዓለም ይቅር ይበለኝ፤ ባይለኝም ደግሜ እዋሽ ነበር። አልፊያ ያን ጊዜ ተነሳች። ስትነሳ ተንገዳገደች፤ ደገፍኳት፤ ከአንድ ባዶ ባልዲ አትከብድም።

ወደ ዓለም ባንክ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለ ጤና ጣቢያ ገባን። የተቀበለችን ሲስተር ኢፍቱ የምትባል፣ ረጋ ያለች ልጅ ናት። ክንዷን አየች፣ በጣቷ ዳሰሰች።

"በወረንጦ ቆፍራችሁታል?"

"አልቆፈርነውም" አልኳት።

"እሰይ። ቢቆፈር ኖሮ ወደ ውስጥ ይገፋ ነበር።" ከዚያ አልፊያን፣ "ስኳር አለብዎ?" አለቻት።

"የለብኝም። የባሌ ነው።"

"ባለቤትዎ የት አሉ?"

አልፊያ ክንዷን አሳየቻት። "እዚህ።"

ሲስተሯ እኔን አየችኝ። እኔ "ሞቷል" ለማለት አፌን ከፍቼ በአልፊያ ፊት ቃሉ አልወጣ አለኝ። ልጅቷ የአልፊያን ጣት ወጋ አድርጋ ደሟን ለካች። ማሽኑ ቁጥር መስጠት አልቻለም፤ ከልኬቱ በላይ ነው። በሌላ ጣት ደገመችው። ያው ነው። እየሮጠች ሄዳ ሌላ ሰው ጠራች፤ አስተኟት፤ በቀኝ እጇ የጨው ውሃ ሰቀሉላት፤ ኢንሱሊን ሰጧት። ትልቅ ሆስፒታል የሚወስዳት አምቡላንስ ተጠራ።

እሱ እስኪመጣ ክንዷን አደንዝዘው ትንሽ ቀደድ አደረጉት። መግል ወጣ። ከዚያ ሲስተር ኢፍቱ በመቆንጠጫ አንዲት ነገር ስባ አወጣችና ነጭ ጎዝ ላይ አስቀመጠቻት። የቅንድብ ፀጉር የምታክል ነገር ናት። ይቺ ናት? ይቺ ናት ያን ሁሉ ቤት የሞላችው? በውስጤ ተናደድኩ።

"እንግዲህ ይስሙኝ እማማ" አለች ሲስተሯ ጎንበስ ብላ። "ይቺ የትም አልሄደችም፤ የገባችበት ቦታ ነው ያገኘኋት። ወደ ላይ የወጣው ኢንፌክሽኑ ነው። ስኳሩ ደግሞ የርስዎ ነው። በጣም ብዙ ነው። ትንሽ ቢዘገዩ አይተርፉም ነበር።"

አልፊያ ጎዙን አየች። ክንዷን አየች። ሲስተሯን አየች።

"የኔ ነው?"

"የርስዎ ነው።"

"ሁሉም? ከመጀመሪያውም?"

"ከመጀመሪያውም።"

"ታዲያ እሱስ?" አለች አልፊያ።

ሲስተሯ ጎዙን ጠቅልላ ያገለገለ መርፌ የሚጣልበት ቢጫ ካርቶን ውስጥ ጣለችው። አልፊያ በዓይኗ ተከተለችው። በእስላም ወግ ሴቶች መቃብር ድረስ አይሸኙም፤ ረሻድ አፈር ሲገባ እሷ ቤት ነበረች። ባሏ የሞተው ያን ቅጽበት ይመስለኛል። እንባ እንኳ የላትም፤ ደርቃለች። እጇን ያዝኩ፤ እሷም ያዘችኝ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሷን እጅ የሰጠችኝ መሰለኝ።

ስልኬ ጮኸ። ሰልዋ ናት። ስፒከር ላይ አደረግኩት።

"እትዬ አልማዜ፣ እማ ተረፈች?"

"አለች የኔ ልጅ፤ እዚሁ አጠገቤ ናት፤ መርፌው ወጥቶላታል፤ መድኃኒት ጀምራለች።"

ረጅም ትንፋሽ ሰማሁ። አልፊያ ራሷን ከትራሱ ላይ ቀና አደረገች። ድምፅዋ እንደ ሻከረ ጨርቅ ነው። "ሰልዋ፣ አባባ እኮ ዛሬ..." አለች፤ ያቺ የፈረደባት፣ እዚያ አልጋ ላይ ሆናም ልትዋሽላት ነው።

"እማ" አለች ሰልዋ። "ሲወርድ አይቼዋለሁ።"

"ምኑን?"

"የአባባን ቁጥር። ገና ሳይነጋ ነው። ልጁ ሲራገጥብኝ ነቅቼ ስልኬን ሳይ ይወርዳል። ይወርዳል፣ ይወርዳል። ስደውል ማንም አያነሳም። ከዚያ ስልኩ 'ዝቅተኛ' ብሎ ቀረ፤ በኋላ ደግሞ ጠፋ። ያን ጊዜ አውቄያለሁ። ሌላዋን ለጥፊለት ያልኩሽ እውነቱን ትነግሪኛለሽ ብዬ ነበር። በሦስተኛው ቀን ሌላ ቁጥር ሲመጣ ደግሞ የአባባ እንዳልሆነ አወቅሁ፤ የሱን ደም በየቀኑ ሳየው የኖርኩ ነኝ እኮ። ያንቺ ነው ብዬ አሰብኩ። ታሞ የሚያውቅ ሰው ቁጥር አልነበረም መጀመሪያ፤ ከዚያ እየጨመረ መጣ። ብነግርሽ አውልቀሽ ትጥዪዋለሽ ብዬ ፈራሁ፤ ከዚያ በኋላ እንዴት አይሻለሁ?"

አልፊያ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ያ ሁሉ ለቀስተኛ ሲመጣና ሲሄድ፣ እኛ ስንጮህ፣ ደረት ስንመታ፣ ይቺ ልጅ በሰው አገር ሆዷን አቅፋ ብቻዋን ዝም ብላለች።

"ልጁስ?" አለች አልፊያ በመጨረሻ። "ልጁ ደህና ነው?"

"ደህና ነው፤ ይራገጣል።"

አምቡላንሱ ውጭ ሲቆም ሰማሁ። ከዚያ ሰልዋ፣ እናት ልትሆን የተቃረበች ሴት፣ እንደ ሕፃን በቀጠነ ድምፅ፣ "እማ" አለቻት፣ "አሁን ላልቅስ?"